ካንሰሩ ሆርሞን ተቀባይ አለው ወይ?

ከሐይቅ ዳር ተነስታ ጡቷ ላይ ያገኘችውን እብጠት ለማሳየት ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የምትሄድ ሴት መጀመሪያ የምትፈራው ጥያቄ «ካንሰር ነው ወይ?» የሚለው ነው። ናሙና ተወስዶ ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ግን ከዚያ የማያንስ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ እሱን የሚያነሳላት ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። መልሱ በፓቶሎጂ ወረቀቱ ላይ ኢአር፣ ፒአር እና ኸር ቱ ከሚሉት ስሞች አጠገብ ይጻፋል።

ኢአር የኢስትሮጅን ተቀባይ ፕሮቲን ነው። መቀመጫው የሴሉ ኒውክለስ ሲሆን፣ በደም የመጣው ኢስትሮጅን ሲይዘው ሴሉ እንዲባዛ የሚያደርጉ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ከእነዚህ ጂኖች አንዱ የፕሮጄስትሮን ተቀባይን፣ ማለትም ፒአርን ያሠራል። ስለዚህ ፒአር ተገኘ ማለት ኢአር በእርግጥ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው፤ ኢአር ኖሮት ፒአር የሌለው ካንሰር በአመዛኙ ሁለቱም ካሉት ይከፋል። ኸር ቱ ሆርሞን ተቀባይ አይደለም፤ በሴሉ ሽፋን ላይ ሆኖ እድገትን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ሲበዛ የክፉ ምልክት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ትራስቱዙማብ ከመጣ ወዲህ ግን የሕክምና ኢላማም ሆኗል።

የሆርሞኑ ነገር የቆየ ነው። ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ጆርጅ ቢትሰን እ.ኤ.አ. በ1896 የታማሚዎችን የእንቁላል ማፍሪያ አውጥቶ የጡት ካንሰር ሲቀንስ ማየቱን ጻፈ። በሁሉም ሴቶች ላይ ግን አይሠራም ነበር። ምክንያቱ መገለጥ የጀመረው ኤልውድ ጄንሰን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የኢስትሮጅንን ተቀባይ ሲያገኝ ነው።

እነዚህ ፕሮቲኖች ስለ ነገ የሚናገሩት «ደህና» ወይም «መጥፎ» በሚል አንድ ቃል አያልቅም። ኢአር የሌለው ካንሰር ተመልሶ ከመጣ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ነው፤ ከዚያ ስጋቱ በጣም ይቀንሳል። ኢአር ያለው ካንሰር ቀስ ያለ ነው፤ ስጋቱ ግን እስከ ሃያ ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። መልካሙ ነገር የራሱ መድኃኒት ያለው መሆኑ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ለአምስት ዓመት የሚወሰድ ታሞክሲፈን በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ በበሽታው የመሞትን ስጋት በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ኢአር ለሌላት ሴት ግን አይጠቅማትም።

ለኢትዮጵያ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ከአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች የወጡ ጥናቶች ኢአር የሌለው ካንሰር እንደሚያመዝን ይናገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው በኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ኢአር እንዳላቸው አሳየ። እኔ ስለ ጡት ካንሰራችን ከተጻፈው ሁሉ ይህን ያህል ተስፋ የሰጠኝ ግኝት የለም፤ ዋጋው የማይከብድ ክኒን ለብዙዎቹ ሴቶች ይሠራል ማለት ነውና።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው ግን ናሙናው በወጣበት ሰዓት ነው። ሥጋው በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት፣ እዚያም ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየት አለበት። ከዘገየ ፕሮቲኑ ይበላሻል፤ ኢአር ያለው ካንሰር እንደሌለው ሆኖ ይነበባል፤ ሴትየዋም የሚገባትን ክኒን ታጣለች። ቀጥሎ ናሙናው በፓራፊን ሰም ውስጥ ይታሸጋል፣ በስስ ይቆረጣል፣ ተቀባዩን ለይቶ በሚይዝ ኬሚካል ይቀባል። ቡናማ ቀለም የያዙት የካንሰር ሴሎች ከመቶ አንድ እንኳ ቢሆኑ ውጤቱ ፖዘቲቭ ይባላል። ከአንድ እስከ አሥር ከመቶ ከሆነ «ዝቅተኛ ፖዘቲቭ» ተብሎ ለብቻው ይጠቀሳል።

ምርመራው በየሆስፒታሉ አይገኝም። ሰም ውስጥ ያለው ናሙና ግን ያለ ማቀዝቀዣ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ ታማሚዋ ሳትንገላታ እሱ ብቻ አዲስ አበባ ደርሶ ሊመረመር ይችላል። ስለዚህ ታማሚዋም ሆነች አስታማሚዋ ናሙናው የት እንደተቀመጠ ይጠይቁ፤ የውጤቱንም ወረቀት አይጣሉት።

ኢአር እንዳላት ታውቆ ታሞክሲፈን ከጀመረች በኋላ የሚመጣው ፈተና ክኒኑን አለማቋረጥ ነው። የዳነች የመሰላት ሴት፣ መድኃኒት ቤት የራቃት ሴት ታቆመዋለች። በአገራችን የገጠር ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት የሠለጠኑ ነርሶች ታማሚዎቹን ሲከታተሉ፣ ታሞክሲፈናቸውን ሳያቋርጡ የሚወስዱት ሴቶች ቁጥር ጨምሯል።