ማደንዘዣ ካንሰርን ያባብሳል? ተረትና እውነታ

«ዕጢን ቢላ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ስጋት የቆየ ነው። አሁን ደግሞ «ቢላው ቢቀር ማደንዘዣው ይቀሰቅሰዋል» የሚል ተጨምሮበታል። ጥያቄው መሠረት አለው፤ ተመራማሪዎችም ዓመታት ፈጅተው መርምረውታል። የሚያሳዝነው ጥርጣሬው በየቤቱ ሲዳረስ መልሱ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። ይህ ደግሞ በቀጠሮ ላይ ያለን ሕመምተኛ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ተረት 1፦ ማደንዘዣ ካንሰርን እንደሚያሰራጭ ተረጋግጧል።

እውነታው፦ አልተረጋገጠም። ጥርጣሬው የተነሳው በቤተ ሙከራ ነው። በመተንፈሻ የሚሰጡ አንዳንድ ማደንዘዣዎች የካንሰር ሴሎችን ሲያጠናክሩ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፕሮፖፎል ግን በብዙ ሙከራዎች ሲያዳክማቸው ታየ። በ2018 የወጣ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ ዴክስሜዴቶሚዲን የተባለው ማስታገሻ በአይጦች ላይ የካንሰርን ስርጭት እንደሚጨምር አሳየ። በ2016 በለንደን ሮያል ማርስደን ሆስፒታል ከ7,000 በላይ ሕሙማን መዝገብ ሲታይም፣ በመተንፈሻ ማደንዘዣ ከወሰዱት መካከል የሞቱት በፕሮፖፎል ከታከሙት በልጠው ተገኙ።

ነገር ግን መዝገብ ሁሉን አይናገርም። መድኃኒቱን የመረጠው ሐኪሙ ስለሆነ ሁለቱ ቡድኖች ከመነሻው የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ፍርዱ የሚታመነው ሕሙማን በዕጣ ሲመደቡ ነው። ከ1,700 በላይ የጡት ካንሰር ሕሙማንን ያሳተፈና በስዊድን ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት ይህንኑ አደረገ፤ ገሚሱ ፕሮፖፎል፣ ገሚሱ በመተንፈሻ የሚሰጠውን ሴቮፍሉሬን ወሰዱ። ከአምስት ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን ከ100 ሰው 92 ያህሉ በሕይወት ነበሩ።

ተረት 2፦ ሙሉ ማደንዘዣን ትቶ አካባቢውን ብቻ ማደንዘዝ ካንሰሩ እንዳይመለስ ያደርጋል።

እውነታው፦ በ2006 የታተመ አነስተኛ የመዝገብ ጥናት ይህን ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ተስፋውን ለመፈተን በ8 አገሮች በሚገኙ 13 ሆስፒታሎች ከ2,000 በላይ የጡት ካንሰር ታማሚ ሴቶች በዕጣ ተመደቡ፤ ውጤቱ በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። በሁለቱም ቡድን ካንሰሩ የተመለሰባቸው ከ100 ሴቶች 10 ያህሉ ነበሩ። አካባቢን ማደንዘዝ በብዙ ቀዶ ሕክምናዎች ሕመምን ስለሚያስታግስ ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ካንሰርን ይከላከላል ተብሎ ግን መመረጥ የለበትም።

ተረት 3፦ ከቀዶ ሕክምና በፊት የምትሰጥ አንዲት የማረጋጊያ መርፌ ካንሰሩን ታነቃቃለች።

እውነታው፦ ለዚህ ማስረጃ የለም። በ2023 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሎራዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ የወሰዱ የቆሽት ካንሰር ሕሙማን በሽታቸው ቶሎ እንደተባባሰ፣ አልፕራዞላም በወሰዱት ላይ ግን እንዲህ እንዳልሆነ አመልክቷል። ይህ ከመዝገብ የተገኘ ዝምድና ነው፤ መንስኤነትን አያረጋግጥም። የተመለከተውም በካንሰር ሕክምና ወቅት የሚታዘዝን መድኃኒት እንጂ ለቀዶ ሕክምና የሚሰጠውን መርፌ አይደለም።

ተረት 4፦ እንግዲያው በቀዶ ሕክምናው ሰዓት የሚደረገው ነገር ለካንሰሩ ለውጥ አያመጣም።

እውነታው፦ ይህም ስህተት ነው። ቀዶ ሕክምና ለሰውነት ከባድ ጭንቀት ነው፤ አድሬናሊን ይጨምራል፣ የካንሰር ሴሎችን የሚያጠቁት የመከላከያ ሴሎች ለቀናት ይዳከማሉ። ያልታገሠ ሕመምና የሰውነት መቀዝቀዝ ጭንቀቱን ያብሱታል። ስለዚህ በሚገባ የተሰጠ ማደንዘዣ የሕመምተኛው ወገን ነው።

ተስፋ የሚሰጥ ውጤትም አለ። በ2023 የታተመ የሕንድ ጥናት 1,583 የጡት ካንሰር ታማሚ ሴቶችን መረመረ። ከፊሎቹ ዕጢው ሊወጣ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ሲቀረው ዙሪያውን ሊዶኬይን ተወጉ፤ ርካሽና በየጤና ተቋሙ የሚገኝ ማደንዘዣ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት መርፌውን ከወሰዱት 90.1 በመቶ፣ ካልወሰዱት 86.4 በመቶ ሆኑ። አንድ ጥናት ብቻውን የሕክምና መመሪያን አይለውጥም፤ በሌሎች አገሮች መደገም አለበት። ቢጸና ግን ድሃ አገሮችን በቀጥታ የሚጠቅም ግኝት ነው።

ተረት 5፦ ነገሩ እስኪጣራ ቀዶ ሕክምናውን ማቆየት ይሻላል።

እውነታው፦ ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው። በ2020 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመረመሩ ባለሙያዎች፣ ቀዶ ሕክምና በአራት ሳምንት በዘገየ ቁጥር የሞት ስጋት ከ6 እስከ 8 በመቶ እንደሚጨምር አስልተዋል። በአገራችን በሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹም ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። በዚህ ላይ በማደንዘዣ ፍርሃት ሌላ ወር መጨመር፣ ያልተረጋገጠ ጉዳትን ሸሽቶ በተረጋገጠው ላይ መውደቅ ነው።

ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር ሲገናኙ የሚጠቅመው ንግግር ሌላ ነው። የልብ፣ የአስም ወይም የስኳር ሕመም ካለብዎ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ወይም የባህል መድኃኒት ካለ፣ ጫት የሚቅሙ ከሆነ፣ ከቤተሰብዎ በማደንዘዣ የተጎዳ ሰው ካለ ሳይደብቁ ይንገሩ። ሕመሙ በምን እንደሚታገሥልዎ ይጠይቁ። የመድኃኒቱን ምርጫ በዚህ መረጃ ላይ ተመሥርቶ እንዲወስን ለባለሙያው ይተዉለት፤ የእርስዎ ድርሻ በቀጠሮው ቀን መገኘት ነው።