ስናነብና ስንሰማ አእምሯችን ምን ይሠራል? ሁለት ትርጉም ስላላቸው ዓረፍተ ነገሮች

ባለፈው ተርም በማታው ክፍል የሚማር አንድ ልጅ «ቤተሰቤ» በሚል ርዕስ ግማሽ ገጽ ድርሰት ጽፎ አስረከበ። በመካከሉ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት፦ «ወንድሜ በየቀኑ ይመታል።» ከመካከላችን አንዱ መምህር ድርሰቱን አረመ፣ ሁለት የፊደል ግድፈት አወጣ፣ ከአሥር ስምንት ሰጥቶ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር አስቀመጠው።

በማግስቱ ሌላዋ መምህር ያንኑ ወረቀት አንስታ ስታነብ «ቆይ፣ ማነው የሚመታው?» ብላ ጠየቀች። የመጀመሪያው መምህር ገረመው። የልጁን ወንድም ያውቀዋል፤ ኳስ ሜዳ ላይ ጠብ የማያጣው ልጅ ነው። ስለዚህ «ይመታል» የሚለውን ሲያነብ አላልቶ፣ ሌሎችን ይደበድባል ብሎ ነው ያነበበው። እሷ ደግሞ ልጆቹን ስለማታውቅ አጥብቃ፣ ሰው ይደበድበዋል ብላ አነበበችው። ተከራከርን። በመጨረሻ ልጁን ጠርተን «እስቲ ድርሰትህን ጮክ ብለህ አንብብልን» አልነው። አጥብቆ አነበበው። ከዚያ በኋላ የሆነው የቤተሰቡ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አናወራውም። ብቻ ዝም አላልንም።

ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ክርክር ነው።

ፊደላችን ብዙ ነገር ይችላል፤ መጥበቅና መላላትን ግን አያሳይም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «ገና አልደረሰም» ይሆናል፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓል ይሆናል። «ዋና» ላልቶ ወንዝ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። «አለ» ተናገረም፣ ይገኛልም ነው። ይህን ሁሉ በየቀኑ እናነባለን፤ አንድም ቀን ግን አንቸገርም፤ ምክንያቱም በዙሪያው ያሉት ቃላትና ስለ ጉዳዩ አስቀድመን የምናውቀው ነገር ይመርጡልናል። ችግሩ እዚሁ ላይ ነው። አእምሯችን ሲመርጥ፣ መረጥኩ ብሎ አይነግረንም። መምህራችን ሁለት ትርጉም አይቶ አንዱን የጣለ ሰው አልነበረም። አንድ ብቻ ነው የታየው።

ለመሆኑ ምርጫው የሚደረገው መቼ ነው? ብዙ ሰው ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተን ከዚያ ትርጉሙን የምንፈልግ ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ማይክል ታነንሃውስ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የሰዎችን ዓይን የሚከታተል ካሜራ ጭንቅላታቸው ላይ አስረው አንድ ትእዛዝ አሰሟቸው። በእንግሊዝኛ «ፑት ዚ አፕል ኦን ዘ ታወል ኢን ዘ ቦክስ» የሚል ነው፤ ፎጣው ላይ ያለውን ፖም ሳጥኑ ውስጥ አስገባው ማለት ነው። በፊታቸው ፎጣ ላይ የተቀመጠ አንድ ፖም፣ ሌላ ባዶ ፎጣና ሳጥን አለ። ሰሚዎቹ «ኦን ዘ ታወል» የሚለው ላይ ሲደርሱ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ፣ ዓይናቸው ወደ ባዶው ፎጣ ዘለለ። ፖሙን እዚያ አስቀምጡ የተባሉ መስሏቸዋል። በፊታቸው ሁለት ፖም ሲኖር ግን ዓይናቸው አልተሳሳተም። «ኦን ዘ ታወል» የሚለው የትኛውን ፖም እንደሆነ የሚለይ ነው ብለው ወዲያው ተረዱት። ቃላቱ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ጠረጴዛው ላይ ያለው ነገር ነው።

እኛም ይህንኑ በማንጎና በሁለት ሳህን ሞክረነዋል። ካሜራ ስለሌለን የተማሪውን ዓይን በዓይናችን ነበር የምንከታተለው፤ መጨረሻው ሳቅ ብቻ ሆነ። ግን ሦስት ተማሪዎች ማንጎውን አንስተው ባዶው ሳህን ላይ አስቀመጡት።

እንግሊዝኛ የምትማሩ አንባቢዎቻችን ብዙ ጊዜ «ቲቸር፣ ቃሉን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን አልገባኝም» ትሉናላችሁ። አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ይህን ተመልከቱ፦ «ዋይል ዘ ማን ሀንትድ ዘ ዲር ራን ኢንቱ ዘ ውድስ»። ትርጉሙ ሰውየው አደን ላይ ሳለ አጋዘኑ ወደ ጫካ ሮጠ ነው። አንባቢው ግን «ሀንትድ ዘ ዲር» ላይ ሲደርስ አጋዘኑን አደነ ብሎ ይዘጋዋል። ወዲያው «ራን» ይመጣና ሁሉ ነገር ይፈርሳል፤ ወደኋላ መመለስ ግድ ይሆናል። ይህ የሚደርሰው በተማሪ ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሊን ፍሬዚየርና ኪት ሬይነር እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጥናት የእንግሊዝኛ ተወላጆች ራሳቸው እንዲህ ባለ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው እንደሚዘገይና ወደኋላ እንደሚመለስ አሳይተዋል።

በአማርኛ ይህ ወጥመድ የለም። «ሰውየው ሲያድን አጋዘኑ ሮጠ» ብንል አጋዘኑ ታዳኝ ነው የሚል አይኖርም፤ ቢሆን ኖሮ «አጋዘኑን» ይባል ነበር። አንዲት «ን» ሥራውን ሁሉ ትሠራለች። እንግሊዝኛ ያቺን «ን» ስለሌለው ሸክሙን የሚጥለው በቃላቱ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ከአማርኛ የመጣ ተማሪ ቅደም ተከተሉን ቸል ብሎ በቃላቱ ትርጉም ብቻ ሊገምት ሲሞክር የሚጠፋውም ለዚህ ነው።

አማርኛ ግን የራሱ ወጥመድ አለው፤ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እስቲ ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፦ «ተማሪው መምህሩን የሰደበውን ልጅ ገሠጸው።» «ተማሪው መምህሩን የሰደበ…» እስከሚለው ድረስ ጥፋተኛው ማን ነው? ተማሪው! «ልጅ» የሚለው ሲመጣ ነው ነፃ የሚወጣው። ዓረፍተ ነገሩ «ተማሪው መምህሩን የሰደበው ትናንት ነው» ተብሎ ቢያልቅ ኖሮ ደግሞ ክሱ በጸና ነበር።

ታዲያ ግሡ መጨረሻ ከሆነ ሰሚው እስኪመጣ ዝም ብሎ ይጠብቃል? አይጠብቅም። ጃፓንኛም እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያደርጋል። ዩኪ ካሚዴና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ጃፓናውያን ሰሚዎች «አስተናጋጇ ለደንበኛው…» የሚል ሲሰሙ፣ ምግቡ ገና ሳይጠራ፣ ግሡም ሳይመጣ፣ ዓይናቸው ወደ ምግቡ ይሄድ እንደነበር ተመልክተዋል። «ለ» የምትለዋን ትንሽ ምልክት ይዘው ቀድመው ይገምታሉ።

ይህ በካምፕ ኑሮ ቀላል ነገር አይደለም። በአስተርጓሚነት የሚሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችን እንደሚነግሩን፣ ኢንተርቪው ላይ ትልቁ ፈተና ሰው በአማርኛ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲናገር ነው። አደረገ ይሁን አላደረገ የሚታወቀው በመጨረሻው ቃል ነው። እንግሊዝኛው ግን ግሡን ቶሎ ይፈልጋል። አስተርጓሚው ቸኩሎ ከጀመረ ገምቶ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ኢንተርቪው ያለባችሁ ወገኖች፣ አጭር ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ፣ ቆም ብላችሁ፣ አስተርጓሚው ሲጨርስ ቀጥሉ። ያልገባችሁን ጥያቄም «ይደገምልኝ» ማለት ነውር የለውም።

«ቢሳሳትም በኋላ ይስተካከላል» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም እንደዚያ እናስብ ነበር። ኪየል ክሪስቲያንሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት ግን ያንኑ የአጋዘን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ለሰዎች ካስነበበ በኋላ «ሰውየው አጋዘኑን አደነ?» ብሎ ይጠይቃል። ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ አላለም። በርካቶቹ ግን «አዎ» አሉ፤ ያውም አጋዘኑ ወደ ጫካ መሮጡን በትክክል ከተረዱ በኋላ! የመጀመሪያው ንባብ ሲፈርስ ጨርሶ አይጠፋም፣ ጥላው ይቀራል።

ይህን ጥላ በገዛ እጃችን አይተነዋል። አንድ ጊዜ በር ላይ «የማታው ክፍል ተማሪዎች ሁሉም ስላላለፉ ፈተናው ቅዳሜ ይደገማል» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈን ነበር። እኛ ለማለት የፈለግነው ሁሉም አላለፉም፣ የወደቁ አሉ ነው። ብዙዎቹ ያነበቡት ግን አንድም ሰው አላለፈም ብለው ነው። አማርኛው ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። አንዲት እናት፣ 71 አምጥተው ያለፉ፣ ሁለት ሳምንት ቀሩ። ቤታቸው ሄደን «እትዬ፣ እርስዎ እኮ አልፈዋል» ብለን ወረቀቱን አሳየናቸው። ደስ አላቸው፣ ተመለሱም። ከወር በኋላ አዲስ ምዕራፍ ስንጀምር ግን «ያኔ እንደወደቅሁት ይከብደኝ ይሆን?» አሉን።

አሁን ማስታወቂያ ከመለጠፋችን በፊት ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው እናስነብባለን። እኛ ጻፊዎቹ ያሰብነውን ስለምናውቅ ሁለተኛው ትርጉም አይታየንም፤ ልክ እንደ ድርሰቱ አራሚ። ድርሰትም ስናርም አጠራጣሪ ቃል ካለ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልን እናደርጋለን። ያለፈው ተርም ማስታወቂያ «ከ34 ተማሪዎች 29ኙ አልፈዋል። ያላለፉት 5 ተማሪዎች ብቻ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ይምጡ» የሚል ነበር። ቅዳሜ አምስቱም መጡ፤ ሌላ የመጣ የለም።

እናንተም ያሳሳታችሁ ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ከማስታወቂያም ሆነ ከመማሪያ መጽሐፍ፣ በወረቀት ገልብጣችሁ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ጨምሩልን። ለሚቀጥለው እትም ከአሁኑ አንድ ደርሶናል፦ «አዲስ የተመዘገቡ ተማሪዎችና ወላጆች ሰኞ ይምጡ።» የነባር ተማሪዎች ወላጆች ይምጡ ወይስ ይቅሩ?