የፋሲል ከነማ የድል ወራት

በጎንደር ከተማ ፋሲል ከነማ የሚባል የእግር ኳስ ቡድን አለ፤ ስሙም ከተማዪቱን ለቈረቈሩት ለዐፄ ፋሲል መታሰቢያ ነው። የደጋ ገበሬ መሬቱ እርጥበት ሳለው ካልዘራ ዘሩ ፍሬ አይሰጠውም። ለኳስ ቡድንም የማሸነፊያው ጊዜ እንዲሁ አጭር ነው፤ ተጫዋቾች ጉልበትንና ልምድን ባንድነት የሚይዙት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነውና። በዚያን ጊዜ ማን ይቈይ፥ ማን ይምጣ፥ ማንስ ያሠልጥን ብለው የሚቈርጡት አስተዳዳሪዎቹ ናቸው።

በ2011 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታ ፋሲል ከነማን በአንድ ነጥብ ብቻ ቀድሞ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወሰደ። እንዲህ በሆነ ጊዜ ብዙ ቡድን ይበተናል፤ ለተሸነፈ ሰው መታገሥ ከመቈጣት ይከብዳልና። የጎንደር ሰዎች ግን አሠልጣኙ ውበቱ አባተ በሄዱ ጊዜ ሥዩም ከበደን አመጡ እንጂ ቡድኑን አላፈረሱም፤ እንደ ያሬድ ባየህና እንደ ሙጂብ ቃሲም ያሉትን ተጫዋቾች አቈዩ። በ2012 ዓ.ም. ውድድሩ በኮሮና በሽታ ምክንያት ተቋረጠ፤ አሁንም ጠበቁ። በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ አነሣ።

ከዚያ በኋላ ጎል አግቢውን ሙጂብን የአልጀርያ ቡድን ወሰደው። በ2014 ዓ.ም. ዋንጫው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተሻገረ፤ ፋሲልም ሁለተኛ ሆነ።