ለፍል ውሃ መንገደኛ ጥላ፤ ይገዛ ወይስ ይቅር?

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ አዝመራውም ተሰብስቦ እጅ ፋታ ሲያገኝ፣ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ በብዙ ቤት አንድ ወሬ ይነሳል። «ዘንድሮስ አባባን ወንዛዬ እናድርሳቸው» ይባላል። ወንዛዬ በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ፣ በጉማራ ወንዝ ዳር የሚገኝ ፍል ውሃ ነው። ቁርጥማት የጠናበት፣ ወገቡ የታሰረበት፣ ቆዳው የታመመ ሰው ሁሉ ሽፋውን ከአላህ እየለመነ ይሄድበታል። ይህ ጉዞ ደግሞ ደርሶ መልስ አይደለም፤ ታማሚው ቀናት ቆጥሮ ነው የሚነከረው። ስለዚህ ከስንቁና ከመኪናው ኪራይ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «እዚያ ቀኑን የምንውለው ከምን ሥር ነው?» የሚለው ይሆናል።

ሚኒባስ ያለው ወይም የተከራየ ቤተሰብ መኪናውን አቁሞ፣ ከጣሪያው ላይ ሸራ አስሮ፣ በሁለት ምሰሶ ወጥሮ ከሥሩ ይቀመጣል። በአውሮፓና በአሜሪካ አልጋና ምድጃ ሳይቀር በውስጡ የተሠራለት የመኖሪያ መኪና አለ። በእርሱ ጎን ላይ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የሚገጠም፣ በእጀታ እየተዘወረ የሚዘረጋ ሸራ ይሸጣል። ይግዙት አይግዙት እያሉ እዚያም ይማከሩበታል። እዚህ ደግሞ ባሕር ማዶ ያለ ወንድም «እኔ ልላክላችሁ» ሲል፣ ወይም ከገበያ ደህና ሸራ ሲታይ፣ ያው ምክክር በእኛም ቤት ይገባል። አባት «ገንዘቡ ለልጆቹ ትምህርት ይዋል» ይላል፤ እናት «ታማሚ ይዘን ፀሐይ ላይ ልንቀመጥ ነው?» ትላለች። ውድ አንባብያን፣ ሁለቱም እውነት አላቸው። እስቲ ነገሩን በሚዛን እንየው።

ጥላ ጸጋ ነው

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ነሕል 80ኛና 81ኛ አንቀጾች ለባሮቹ የዋለላቸውን ጸጋ ሲቆጥር፣ በመንገድ ቀን የሚቀልሉትን የቆዳ ድንኳኖችና ከፍጥረቱ ያደረገላቸውን ጥላ አንስቷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ በመሰናበቻው ሐጅ ላይ በነሚራ የጠጉር ድንኳን እንዲተከልላቸው ማዘዛቸውን ሶሒሕ ሙስሊም ዘግቧል። ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ በኸንደቅ ዘመቻ በቆሰለ ጊዜም በቅርብ እየጠየቁት እንዲታከም በመስጊዱ ውስጥ ድንኳን አስተክለውለታል። እንግዲህ ለመንገደኛና ለታማሚ ጥላ ማዘጋጀት ቅንጦት ነው የሚል ሰው ተሳስቷል።

ነገር ግን ሌላውንም ወገን እንይ። በዚያው ሐጅ ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጠጠር ሲወረውሩ ኡሳማና ቢላል አብረዋቸው ነበሩ። አንደኛው የግመሏን ልጓም ሲይዝ ሌላኛው ልብሱን ከፍ አድርጎ ከሙቀቱ ያጠልላቸው እንደነበር ኡሙል ሑሶይን አውርታለች። ያ ጥላ አንድ ቁራጭ ጨርቅና አንድ የሰው ክንድ ነበር! ጥላው ጸጋ ነው ማለት ውድ ሸራ ግዴታ ነው ማለት አይደለም።

የጎንደር አባቶቻችን ሙያ

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እና በ1771 ጎንደር ተቀምጦ ነበር። በጉዞ መጽሐፉ ስለ ከተማይቱ ሙስሊሞች ሲጽፍ፣ ሥራቸው የንጉሡንና የመኳንንቱን ጓዝ መጠበቅ እንደነበረ፣ ድንኳን ሲተክሉና ሲነቅሉ ፍጥነታቸውና ቅልጥፍናቸው የሚያስገርም እንደነበረ መስክሮላቸዋል። ይህ ለእኛ ትምህርት ነው። የሰውን ዓይን የሳበው የሸራው ውድነት ሳይሆን የተካዩ እጅ ነው። ዛሬም ሸራ ገዝቶ ካስማ መምታት የማያውቅ ሰው፣ አሮጌ ሸራ ይዞ ገመድ መወጠር የሚያውቀውን አይስተካከልም።

በፍል ውሃ ዳር ድንኳን መትከልም በአገራችን የቆየ ነገር ነው። ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃ ዳር ድንኳን ይተክሉ ነበር። ቦታው ስለተወደደ በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠራበት፤ አዲስ አበባም ከዚያ ተነሣች።

ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል

ለምሳሌ ያህል የሸራው ዋጋ ከነምሰሶው 12,000 ብር ነው እንበል። ቤተሰቡ በዓመት 7 ቀን ይጠቀምበታል፤ ሸራውም 3 ዓመት ያገለግላል። ይህ 21 ቀን ነው። ስለዚህ አንዱ የጥላ ቀን 571 ብር ያህል ፈጀ ማለት ነው። ሦስት ቤተሰቦች በጋራ ገዝተው በየተራ ቢጠቀሙበት ግን ቀኑ 63 ይሆናል፤ አንዱ ቀን ወደ 190 ብር ይወርዳል። የራሳችሁን ዋጋ አስገቡና ከኪራይ ጋር አስተያዩት። ደግሞስ የብዙ ሰፈር እድር ድንኳን የለውምን? ለለቅሶና ለሠርግ በማይፈለግበት ሳምንት በደንቡ መሠረት ቢጠየቅ ነውር የለውም።

ከሒሳቡ ቀጥሎ ኒያ ይመርመር። የሚገዛው ለታማሚው ነው ወይስ «እነ እገሌ አላቸው» ተብሎ? ሱረቱ አል-ፉርቃን በ67ኛው አንቀጽ የአር-ረሕማንን ባሮች ሲገልጽ የማያባክኑ፣ የማይሰስቱ፣ በመካከሉ የሚቆሙ ናቸው ይላቸዋል። በወለድ ተበድሮ ጥላ መግዛትማ ከፀሐይ ሸሽቶ ወደ እሳት መግባት ነው፤ አላህ ይጠብቀን።

ሚዛኑን የሚደፋው ነገር

በሙቅ ውሃ የተነከረ ሰው ያልበዋል፤ የደም ሥሩ ይሰፋል፤ የደም ግፊቱም ዝቅ ይላል። ድንገት ብድግ ሲል ዓይኑ ሊጨልምበት፣ ሊወድቅም ይችላል። ስለዚህ ከውሃው የወጣ ታማሚ፣ በተለይ አዛውንት፣ ቀስ ብሎ ተነሥቶ፣ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ፣ ንጹሕ ውሃ ሊጠጣ ይገባዋል። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች እኅት ከጉዞው በፊት ሐኪም ይጠይቁ። የታዘዘ መድኃኒትም በፍል ውሃ ምክንያት አይቋረጥ።

እንግዲህ የእናትየዋ ቃል እዚህ ላይ ይጸናል። ጥላ ከሕክምናው አንዱ ክፍል እንጂ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ያለ ጥላ አባትን ይዞ መሄድ አይገባም። የአባትየውም ቃል ይጸናል፤ ጥላው መኖር አለበት እንጂ የግድ የተገዛ፣ የግድም ውድ መሆን የለበትም። በእኛ አስተያየት በዓመት አንድ ሳምንት የሚሄድ ቤተሰብ ይዋስ፣ ይከራይ ወይም ከዘመድ ጋር በጋራ ይግዛ። ታማሚ ይዞ በየዓመቱ ደጋግሞ የሚመላለስ፣ ገንዘቡም ያለ ዕዳ ያለው ግን ይግዛ፤ ለወላጅ የወጣ ገንዘብ አይቆጭም። መኪና ላይ በቋሚነት የሚገጠመው ሸራ በመኪናው ለማይኖር ሰው አስፈላጊ አይመስለንም። መኪናው ለገበያ ሲሄድ ጥላውም አብሮ ይሄዳልና።

ሲተከል

በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። መኪናውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቁሙት፤ ሸራውን በሰሜን ጎኑ ዘርጉት። በባሕር ዳር አካባቢ ቂብላ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ስለሆነ፣ ዙህርን የሚሰግድ ሰው መኪናውን ከኋላው አድርጎ ጥላ ላይ ይሰግዳል። ዐስር ሲቃረብ ፀሐይዋ ከምዕራብ ጫፍ ትገባለች፤ በዚያ በኩል አንድ አንሶላ ይጋረድ። ከውሃ ለሚወጡ እናቶችና እኅቶች ልብስ መቀየሪያ የሚሆን መጋረጃም አይረሳ። ዐውራን መሸፈን ታማሚም ቢሆን አይቀርም።

ሸራው አንድ ጎኑ ዝቅ ይበል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 3 በ4 ሜትር በሆነ ሸራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዘንቦ ቢጠራቀም 240 ሊትር፣ ማለትም 240 ኪሎ በራስ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ነፋስም እንዲሁ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ነፋስ ሲነሳ ሸራውን መጠቅለል እንጂ ገመዱን ይዞ መታገል አያዋጣም። ከሥሩ ምድጃ አይነድም። የጥጥ ሸራ እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ ይበሰብሳልና ቤት ሲደረስ ተዘርግቶ ይድረቅ። ላስቲክ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ ቶሎ ያደርቀዋል፣ ከሥሩም ይወብቃል።

የጎረቤት ሐቅ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሰው መንገድና ሰው በሚጠለልበት ጥላ ላይ መጸዳዳትን እርግማን የሚያመጣ ነገር ብለው አስጠንቅቀዋል። በጉማራ ዳር ያለው ጥላም የሁሉ ነው። ለምሰሶ ብሎ የወንዙን ዳር ዛፍ መቁረጥ ከሚመጣው መንገደኛ ጥላውን መቀማት ነው። ቆሻሻችንን ሰብስበን እንመለስ። ከሸራችን ሥር ቦታ ከተረፈ ደግሞ፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ፀሐይ ላይ የቀረውን ሽማግሌ ወይም እመጫት «ኑ፣ ጠጋ በሉ» እንበል። ሰባት ቀን ብቻ የሚተከል ሸራ ምንዳው ረዥም የሚሆነው በዚህ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሽፋውን ያውርድ፤ ከእርሱ ጥላ በቀር ሌላ ጥላ በሌለበት ቀንም ከሚያጠልላቸው ባሮቹ ያድርገን። አሚን።