ዘንቢል ወደ ገበያ ይመለስ

በቀድሞው ጊዜ የቤት እመቤት ወደ ገበያ ስትወጣ ከሁሉ አስቀድማ የምታነሣው ዘንቢሏን እንደ ነበረ የሚታወቅ ነው። በርበሬው በቁና ተሰፍሮ በከረጢት፣ ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ፣ ቅመሙም በአሮጌ የደብተር ወረቀት ተቋጥሮ ወደ ቤት ይገባ ነበር። ፌስታል ከተለመደ ወዲህ ግን ገዢው እጁን እያወዛወዘ የሚመጣና ለሦስት ሎሚ መያዣ እንኳ ከነጋዴው የሚጠብቅ ሆነ። ነጋዴውም ደንበኛው እንዳይቀየመው ሲል ይሰጣል፤ እንዳይቀደድም ብሎ በሁለት ይደርባል።

ይህ ዕቃ በነጻ የሚሰጥ ይምሰል እንጂ ዋጋው በሎሚውና በስኳሩ ሒሳብ ውስጥ የገባ ነው። በቀን 3 ፌስታል የሚቀበል ቤተሰብ በዓመት ከ1,000 የሚበልጥ ይቀበላል ማለት ነው። አብዛኛውም ከገበያ እስከ ቤት ደጃፍ ካገለገለ በኋላ ይጣላል። የተጣለው በክረምት የውኃ መውረጃውን ቦይ ይደፍናል፤ ከብትም ሲበላው በሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ተከማችቶ ለሞት ያደርሰዋል። የቀረው ከሌላው ጥራጊ ጋር ወደ መጣያው ስፍራ ይጓዛል። በአዲስ አበባ ቆሼ በተባለው መጣያ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወታቸው ማለፉ አይዘነጋም።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን የማይበሰብስ ፌስታል የሚመለከት ክልከላ ነበረው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው አዲስ አዋጅ ፌስታል ተከልክሏል። ጎረቤታችን ኬንያም በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ይህንኑ አድርጋለች። ሆኖም የገዢው እጅ ባዶውን መምጣት ካልተወ ነጋዴው በሕግና በደንበኛው መካከል ተጨንቆ ይኖራል።

ዕቃን ደጋግሞ መጠቀም ለአገራችን እንግዳ ትምህርት አይደለም። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ የሚሰበስበው ቆርቆሮ፣ ጠርሙስና ጀሪካን በመርካቶ ምናለሽ ተራ ታጥቦ፣ ተቀጥቅጦና ተበይዶ እንደገና ይሸጣል። ከብዙ ጥናት ይልቅ ምናለሽ ተራን አንድ ጊዜ ዞሮ ማየት ይበቃል።

ሥጋ በዘንቢል አይያዝም የሚል መቃወሚያ ይቀርባል። እውነት ነው፤ ለዚህ ክዳን ያለው ሳሕን ከቤት ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ በጾም ወራት ደግሞ ችግሩ ራሱ ይቀላል። ለሌላው ሸቀጥ ግን ከሰሌን የተሠራ ዘንቢል፣ ከአቡጀዲ የተሰፋ ከረጢት ወይም ከማዳበሪያ ጆንያ የተዘጋጀ መያዣ ለብዙ ጊዜ ያገለግላል። ለሰፊዎቹና ለጎንጓኞቹም አዲስ ገበያ ይከፍታል።

ባለሱቁ በበኩሉ ሸቀጡን ከመቋጠሩ በፊት «መያዣ ይዘዋል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ላልያዘው ጠንካራ ከረጢት በተገዛበት ዋጋ ቢሸጥ፣ ዋጋውንም ከሸቀጡ ለይቶ በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ፣ ደንበኛው ቀድሞ በነጻ ይመስለው የነበረው ዕቃ ስንት ያወጣ እንደ ነበር በዚያው ቀን ይረዳዋል።