የሚከረውን የሚያላላ ፕሮቲን

መድኃኒት ቤት ቆሜ ስውል ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ሲፕሮ የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው። ሆድ ሲቆርጥ ሲፕሮ፣ ሽንት ሲያቃጥል ሲፕሮ። ክኒኑ ገብቶ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቀኝ ሰው ግን እምብዛም የለም። እኔ ደግሞ በሙያዬ ከተማርኩት ሁሉ ይህን ማውራት ደስ ይለኛል።

ባክቴሪያ ለሁለት ሲከፈል አስቀድሞ ዲኤንኤውን ይገለብጣል። ኢ ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ 4.6 ሚሊዮን ያህል ጥንድ የዲኤንኤ ፊደላት አሉት፤ የሚገለብጡት ፕሮቲኖች በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ በሁለት አቅጣጫ ሄደው፣ በ40 ደቂቃ ገደማ ይጨርሱታል። ሄሊኬዝ የተባለው ፕሮቲን የተገመዱትን ሁለት ክሮች ይፈለቅቃል። ፖሊመሬዝ የተባለው ተከትሎ በሰከንድ እስከ 1000 ፊደል እያስገባ አዲሱን ክር ይሠራል። አርተር ኮርንበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ኖቤል የተሸለመው ከዚህ የፖሊመሬዝ ሥራ ጋር በተያያዘ ነው።

ከሁለት ፈትል የተገመደ ገመድ ሌላው ጫፉ ታስሮ ከአንድ ወገን ብትፈቱት፣ ከፊት ያለው እየከረረ ይቋጠራል። ዲኤንኤም እንደዚያው ነው፤ የባክቴሪያው ደግሞ ቀለበት ስለሆነ ክረቱ የሚወጣበት ጫፍ እንኳ የለውም። በየ10 ፊደሉ አንዴ ስለሚጠማዘዝ ከሄሊኬዝ ፊት በሰከንድ 100 ዙር ያህል ይጠራቀማል። የሚያላላው ማርቲን ጌለርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ ያገኙት ጋይሬዝ የተባለ ፕሮቲን ነው። አሠራሩ ድፍረት ይጠይቃል፦ ሁለቱንም ክሮች ይበጥሳል፣ በክፍተቱ ሌላ የዲኤንኤ ክፍል ያሳልፋል፣ መልሶ ይገጥማል።

ሲፕሮ ጋይሬዝን የሚይዘው ከበጠሰ በኋላ፣ ከመግጠሙ በፊት ነው። የሚገለብጡት ፕሮቲኖች መጥተው ይጋጩበታል፤ ዲኤንኤው ይሰባበራል፣ ባክቴሪያው ይሞታል። የእኛ ሴሎች ተመሳሳይ ፕሮቲን ቢኖራቸውም ቅርጹ ስለሚለይ በታዘዘው መጠን ብዙም አይነካውም። (የዚህ መድኃኒት ዘር የተጀመረው የወባ መድኃኒት የሆነው ክሎሮኪን ሲመረት ከተገኘ ተረፈ ምርት ነው፤ እስካሁን ይገርመኛል።)

የሚያሳስበኝ የፖሊመሬዝ ነገር ነው። የጻፈውን መልሶ እያነበበ ስህተቱን ይነቅላል፤ ያመለጠውን ሌሎች ፕሮቲኖች ያርማሉ። እንዲያም ሆኖ ከቢሊዮን ፊደል አንድ ገደማ ይሾልካል። ባክቴሪያዎቹም ቢሊዮኖች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ላይ ስህተቱ የጋይሬዝን ጂን ያገኘዋል፤ 83ኛው አሚኖ አሲድ መለወጡ ብቻ ሲፕሮን ያዳክመዋል። ሌሎቹ ሲያልቁ እሱ ብቻ ይራባል፤ መድኃኒቱን ያለ በቂ ምክንያት በዋጥን ቁጥር ይህን ዕድል እንሰጠዋለን።

ስለዚህ ያለ ሐኪም ማዘዣ አትውሰዱት፣ ከጎረቤት የተረፈውንም አትቀበሉ። ለጉንፋን ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ የጉንፋን ቫይረስ ጋይሬዝ የለውም።