የተነካካ መኪና፣ ያልተጻፈ ውል

ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ከሚሰሙ የደላላ ቃሎች ሁሉ «ሞተሩ አልወረደም፣ ምንም አልተነካካም» የሚለውን የሚያህል የለም። ደሴና ኮምቦልቻም ከዚህ አይለዩም። ገዢው ይህን ቃል አምኖ ቀብድ ይከፍላል፤ ውሉ ሲጻፍ ግን ቃሉ ወረቀቱ ላይ አይገኝም። በተለመደው የመኪና ሽያጭ ውል ሻጩ ከዚህ ቀደም ለመጣ ዕዳ፣ ግብር፣ ወንጀልና የባለቤትነት ክርክር ተጠያቂ እንደሚሆን በዝርዝር ይሰፍራል። ስለ ሞተሩ የሚጻፈው ግን ብዙውን ጊዜ «አይቼና ፈትሼ ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል የገዢ ቃል ብቻ ነው። ከወር በኋላ ቴስታታው ሲሰነጠቅ ሻጩ መጀመሪያ የሚያወጣው ይህንኑ ወረቀት ነው። እኔ የምለው፣ መኪና መነካካቱ በራሱ ጉድለት አይደለም፤ ገዢውን ያለ ዋስትና የሚያስቀረው ምኑ እንደተነካካ ሳይጻፍ መሸጡ ነው።

«ያልተነካካ» የሚለው ቃል እውነት የሚሆንበት መኪና አገራችን ውስጥ ጥቂት ነው። ከጃፓን መሪያቸው በቀኝ ሆኖ ተሠርተው፣ ዱባይ ላይ መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ የመጡ ቪትዞችና ሚኒባሶች ብዙ ናቸው። በአይሱዙ የጭነት ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ ቦዲ ተገጥሞ የተሠራውን ቅጥቅጥ የማያውቅ የወሎ መንገደኛ የለም። የቤንዚን ሞተሩ ወጥቶ የናፍጣ የተገጠመለት ፒክአፕ፣ ባሌስትራ የተጨመረለትና ስፖንዳው ከፍ የተደረገ አይሱዙ፣ ከተሠራበት ቁጥር በላይ ወንበር የተደረደረበት ሚኒባስ፣ ሁሉም የኑሮ ግፊት የወለዳቸው ሥራዎች ናቸው። ግፊቱ ደግሞ በቅርብ ዓመታት በርትቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በቆዩ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። አገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና በቀላሉ የሚተካ ስላልሆነ ይጠገናል፣ ሞተሩ ይቀየራል፣ ተነካክቶም እንደገና ይሸጣል። ለዚህ መካኒኩንም ባለመኪናውንም መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ብዙዎቹ ለውጦች በጥንቃቄ ከተሠሩ ለዓመታት ያገለግላሉ።

ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ለውጥ መኪናው ሲሠራ የተሰላለትን ሚዛን ይነካል። የደሴና የኮምቦልቻ መልክዓ ምድርም የተዛባውን ሚዛን ቶሎ ያጋልጣል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ያወጣል። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ገደማ ያጣል። ሾፌሩ ያንን ለማካካስ ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ ይረግጣል፣ ሞተሩም ይግላል። ውሃውም በዚህ ከፍታ ቶሎ ይፈላል፤ ደሴ ላይ ክዳን በሌለው ዕቃ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ መፍላት ይጀምራል። የሞተር ቴርሞስታት ግን የሚከፈተው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። በጤነኛ ሞተርና በሚፈላ ሞተር መካከል የቆመው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት ይዞ የውሃውን የመፍላት መጠን ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርጋል። ላስቲኩ የደከመ አንድ ክዳን ሜዳ ላይ ምንም ሳይታወቅ ይቆይና ዳገቱ ላይ ሞተር ሊያስወርድ ይችላል።

በቤንዚን ሞተር ቦታ የተገጠመ ናፍጣ የሚቸገረውም እዚሁ ላይ ነው። ራዲያተሩ የቀድሞው ሆኖ ከቀረ፣ አዲሱ ሞተር ጭነት ይዞ ሲወጣ የሚያመነጨውን ሙቀት ላያነሳ ይችላል። ሞተሩ ሲግል ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ችግሩ ሲደጋገም በየጋራዡ የሚወሰደው ቀላል መፍትሔ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ጌጁ ለጊዜው ይወርዳል። ነገር ግን ሞተሩ በደሴ ብርድ ትክክለኛ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ስለሚሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል፤ የራዲያተሩ ማነስ ደግሞ እንዳለ ይቀራል። እንዲህ ያለው መኪና ገበያ ሲወጣ ገዢው የሚያየው የወረደ ጌጅ ነው። ሙከራው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ከሆነ ደግሞ መኪናው ሞተሩ ምንም ሳይደክም ይወርዳል፤ ፈተናው ያለው ሲመለስ ነው።

ስለዚህ ገዢ መኪና ለማየት መሄድ ያለበት በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው። እጁን ሞተሩ ላይ አድርጎ ቀዝቃዛ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ቀድሞ የተሞቀ ሞተር ብዙ ጉድ ይደብቃል። እመቃው የደከመ ናፍጣ በደሴ ጠዋት፣ በብርዱም በአየሩ መሳሳትም ምክንያት፣ ሲነሳ ያስቸግራል። የዘይቱ ክዳን ሲከፈት ውስጡ ማኪያቶ የሚመስል አረፋ ከያዘ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሳይሞቅ ራዲያተሩ ተከፍቶ ሲነሳ ውሃው ያለማቋረጥ አረፋ ካወጣ ጓርኒሲዮኑ ያጠራጥራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ ጭስ የውሃ ምልክት ነው። መሪው የተዛወረ መኪና ከሆነ ደግሞ ቦኔቱ ሲከፈት ይታወቃል፤ የፍሬኑ ፖምፓ በቀኝ በኩል ቀርቶ ከፔዳሉ ጋር በተሻጋሪ ብረት የተያያዘበት አለ፣ የዝናብ መጥረጊያው ለቀኝ ሾፌር እንደተሠራ የሚጠርግበት አለ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ተቆርጦ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ አለ። የሞተር መቀመጫው አዲስ ብየዳ ካለው ሞተሩ ከሌላ መኪና የመጣ መሆኑን መጠርጠር ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ጋር መመሳከር አለበት። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ያለው ሞተርና ሻንሲ እየታወቁ እንዲመዘገቡ ነው። ቁጥሩ ካልገጠመ ስም ዝውውሩም ዓመታዊው ምርመራም ላይ ችግር ይገጥማል፣ ጣጣው ደግሞ መኪናውን በያዘው ሰው ላይ ይወድቃል። ቦሎ አለው ማለትም የሞተር ዋስትና አይደለም። ዓመታዊው ምርመራ መኪናው በዚያ ቀን መንገድ ላይ ለመሄድ ብቁ መሆኑን እንጂ ሞተሩ ስንት ዓመት እንደሚቆይ አይመሰክርም።

ሕጉ ከብዙ ገዢዎች ግምት ይልቅ ለገዢ ያዘነ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎቱ የሚያስፈልገው፣ ወይም በውሉ በግልጽም ሆነ በተዘዋዋሪ የተነገረለት ባሕርይ ከሌለው ጉድለት አለበት ይላል። ተዋዋዮች ይህን ዋስትና በውል መቀነስ ወይም ማስቀረት ይችላሉ፤ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚለው ቃል ጉልበት የሚያገኘውም ከዚህ ነው። ሆኖም ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በማታለል ከደበቀ፣ እንዲህ ያለው የውል ቃል አያድነውም። በሌላ በኩል ገዢው ጉድለቱን እያወቀ ከገዛ ዋስትና የለውም፤ እንደተረከበ የመመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ካስታወቀ በኋላ ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይኖርበታል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ከነጋዴ ዕቃ ለገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የማስለወጥ ወይም ገንዘቡን የማስመለስ መብት ይሰጣል። ግን ሸማች የሚባለው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ ሰው ነው። በደቡብ ወሎ ብዙው አይሱዙና ሚኒባስ የሚገዛው ለሥራ፣ ያውም ከግለሰብ ስለሆነ፣ ገዢዎቹ የሚተማመኑበት ሕግ የፍትሐ ብሔሩ ነው፤ እሱ ደግሞ የውሉን ቃል ተከትሎ ይፈርዳል።

ለዚህም ነው ለውጡን በስሙ ጠርቶ መጻፍ የሚያስፈልገው። «የመጀመሪያው የቤንዚን ሞተር በናፍጣ ተቀይሯል፤ የሞተሩ ቁጥር ይህ ነው፤ ራዲያተሩ ከአዲሱ ሞተር ጋር የተቀየረ ነው፤ ከዚህ በቀር ሻጩ የሚያውቀው ለውጥም የሞተር ጉድለትም የለም» የሚሉ ጥቂት መስመሮች በቂ ናቸው። ሻጩ ከፈረመ ገዢው የሚከራከርበት ነጥብ አገኘ። አልፈርምም ካለም ገዢው ገንዘቡ ሳይወጣ አንድ ነገር አወቀ። ሻጩም ቢሆን ተጠቃሚ ነው፤ የተናገረውና የተጻፈው ለውጥ ነገ «ደብቀኸኛል» ተብሎ አያስከስሰውም።

እዚህ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፣ ክብደትም አላቸው። አንደኛው ዋጋ ነው፤ የተነካካ መኪና በርካሽ ስለሚሸጥ ገዢው አደጋውንም አብሮ ገዝቷል ይባላል። ይህ ልክ የሚሆነው ገዢው የቅናሹን ምክንያት ሲያውቅ ብቻ ነው። ምክንያቱ ካልተነገረው ቅናሹ የአደጋው ዋጋ ሆኖ ሊቆጠር አይችልም። ሁለተኛው ደግሞ ሻጩ ራሱ ላያውቅ ይችላል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ መኪናው በአራትና አምስት እጅ ያለፈ ከሆነ ዱባይ ላይ ምን እንደተቆረጠ የአሁኑ ባለቤት ከየት ያውቃል? ስለዚህ ነው ውሉ «ሻጩ የሚያውቀው» ማለት ያለበት፤ የማያውቀውን አውቃለሁ ብሎ መፈረም ሻጩን ይጎዳል። የማይታወቀውን ክፍል ገዢው በራሱ መካኒክ ማስመርመር አለበት፣ መካኒኩም ደላላው ያመጣው መሆን የለበትም።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ ፍርድ ቤት ነው። ክስ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል፣ መኪናው እስኪፈረድ ቆሞ ይቀራል፣ ሻጩም አገር ሊቀይር ይችላል። ይህን የምክደው አይደለም። ነገር ግን በወሎ እንዲህ ካለው ክርክር ብዙው ዳኛ ፊት ሳይደርስ በሽማግሌ የሚያልቅ ነው፤ ሽማግሌም ቢሆን በቃል ከቀረበለት «ብሏል፣ አላለም» ይልቅ ፊርማ ያለበትን ወረቀት ይዞ ቢፈርድ ይቀለዋል። የጥገናው ወጪ እኩል ይከፈል፣ ወይም ከዋጋው ይህን ያህል ይመለስ ለማለት መነሻ ያገኛል። በጋራዡ የተጻፈ የምርመራ ወረቀትና ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ለሻጩ የላከው የጽሑፍ ማስታወቂያ ከተጨመሩ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስም ባዶ እጅ አይቀርብም።

ኤሌክትሪክ መኪና ይህን ሁሉ አስቀርቷል የሚሉም አሉ። የሞተር ዘይትና የቴስታታ ጓርኒሲዮን በርግጥ የለውም። ዋስትናው ግን ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። በብዛት ከገቡት አንዱ፣ የቮልስዋገን አይዲ 6፣ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ነው፤ የአምራች ዋስትና ደግሞ በአብዛኛው መኪናው በተሸጠበት አገር የታጠረ ነው። እጅ ለእጅ ሲዞር የባትሪው ጤና ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ባትሪው ተከፍቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ሶፍትዌሩ ተነካክቶ እንደሆነ ውሉ ላይ ካልሰፈረ ገዢው ያለው የደላላው ቃል ብቻ ነው። በመሣሪያ ያነበበ ባለሙያ የባትሪውን አኃዝ በዕለቱ አውጥቶ ከውሉ ጋር ቢያያይዝ፣ ከዓመት በኋላ የሚነሳው ጥያቄ የሚመዘንበት ቁጥር ይኖረዋል።